ከባሕሩ በኩል

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከኩሽናዬ መስኮት፣
ይህን መርከብ አየሁ፣ ሲያልፍ በየሌሊት።
ከሁለት ደሴቶች መሐል ብቅ ሲል፣
ሰርግ ያለበት ሰፈር ነቅሎ የመጣ ይመስል።
እኔም ማብሪያውን ሦስቴ እጫናለሁ፤
ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፤
«እዚህም ሰው አለ» ነው፤ ሌላ ምን እላለሁ?
አንዳንዴ ያጓራል። መልስ ይሁን ልማድ፣ ማን ያውቃል?
ቶርላይፍ ከአልጋው ሆኖ፣
«ማን አየሽ ብለሽ ነው? ተኚ እንጂ» ይላል።

ቶርላይፍ ካረፈ ሦስተኛ ክረምቱ።
ጀልባውን ሸጥኩና ቆረጥኩ ትኬቱን፤ ለዚሁ በቃ ሒሳቡ፣ ለአንድ ሳምንቱ።
ልጄ በስልክ ሳቀች፦
«እማዬ፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ፣ የራስሽን ደጅ ልታዪ?»
አዎ፤ የራሴን ደጅ።

በምግብ አዳራሹ፣ አንድ ጀርመናዊ ጡረተኛ ዳኛ
ካሜራቸው አንገታቸው ላይ፣ ጠየቁኝ እንደ ቆየ ጓደኛ፦
«የሰሜን ብርሃን በስንት ሰዓት ይጀምራል?»
«እንደ ፈቀደው» አልኩ፤ «አንዳንዴ ሳምንቱን ይቀራል።»
አልተደሰቱም። በማስታወሻቸው አንዳች ነገር ጻፉ።
ተራሮቹ ደግሞ፣ በስም የማውቃቸው፣ በቀኝ በግራ አለፉ።
«በስተግራችሁ» አለ ድምፅ ማጉያው፣ «ውብ ተራራ ይታያል።»
ውብ ነው፤ አልዋሽም።
የአክስቴን በጎች ግን ከነበረታቸው፣ በአንድ ሌሊት በረዶው ወስዷል።
ፎቶ ለሚያነሡት ይህን አልነገርኩም፤
ለሽርሽር በወጣ ሰው ላይ፣ ናዳ አላወርድም።

በአንዱ ወደብ ማቀዝቀዣ አወረዱ፣ በአንዱ ብስክሌት፤
በአንዱ ደግሞ ምንም፤
ገመድ ተጣለ፣ ገመድ ተፈታ፣ ለወጉ ያህል፣ ለሰላምታ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሩብ ጉዳይ ሲል ተነሣሁ፤
የቶርላይፍን ካፖርት በሌሊት ልብሴ ላይ ደርቤ፣ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ።
ብርዱ ጥርስ አለው።
ወንበሮቹ ብቻ በረድፍ ተቀምጠዋል፣ በረዶ ታቅፈው፤
እና አንድ ዕቃ አጣቢ፣ ዮስቴይን የሚሉት፣
ሽርጡን ሳያወልቅ፣ ሲጋራውን በመዳፉ ከንፋስ ከልሎ የቆመው።

ደሴቶቹ መጡ፤ መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ያነሰው።
ከዚያ ቤቴ።
ቤቴ ነው? ያቺ?
ከተራራው ካፖርት እንደ ወደቀች አዝራር?
አርባ አንድ ዓመት ወለሏን የወለወልኩላት፣
ቶርላይፍ ሁለት ጊዜ ቀይ ቀለም የቀባት፣
ልጅ የወለድኩባት፣ ባል የገነዝኩባት፣
በአንድ አውራ ጣቴ
ሸፈንኳት፣ ገለጥኳት።

«እዚያች ጋ» አለ ልጁ፣ በሲጋራው ጫፍ ጠቁሞ፣
«አንዲት መብራት አለች፣ ሦስቴ የምትጠቅስ፤ ትላንትም ትላንት ወዲያም፣ ዘንድሮም አምናም ደግሞ።
ማን እንደሆነ እንጃ።
ሳህኑን ትቼ ግን፣ ለእሷ ነው የምወጣው።»

«ዛሬ አትጠቅስም» ልለው ነበር። ቤቱ ባዶ ነው፤
ከድመቷ በቀር፣ ከግድግዳ ሰዓቱ፣ ሌላ ማን አለው?
ቁልፉን ለጎረቤቴ ልጅ፣ ለኢዱን ተውኩላት፤
ድመቷን እንድትመግብ እንጂ፣ ሌላ ምንም አላልኳት።

ብልጭ።

ድርግም።

ብልጭ።

እጄ ሳላዘው ግድግዳ ዳበሰ፣ ማብሪያ ፍለጋ፤
ያገኘው ብረት ነው፣ ጨው የለበሰ።
ዮስቴይን ስልኩን አውጥቶ፣ በትንሿ መብራቱ አየሩን ቀዘፈ።
«አያዩንም እኮ» አለ፣ እንደማፈር ብሎ።
«ማን አየህ ብለህ ነው» የሚለው የቶርላይፍ ቃል
ምላሴ ጫፍ ደርሶ
ተመለሰ።
«ያያሉ» አልኩት። መርከቡም ዞረ፣ ቤቴ ከድንጋዩ ኋላ አለፈ።

ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ ዳኛው እንቁላላቸውን እየላጡ፦
«ሌሊቱን እንቅልፍ ጣለኝ። ብርሃን ነበር እንዴ?»
«ትንሽ» አልኩ። «በምሥራቅ በኩል። ሦስቴ።»
«በስንት ሰዓት?» አሉ፤
እስክሪብቶ አወጡ።